የባሕር ዳርን ካርዶች ልናስወግድ የሄድን ጊዜ

ባሕር ዳር ደርሶ የመጣ ሰው የሚጠየቀው ይታወቃል። ፏፏቴውን አየሽ? ዓሣውስ እንዴት ነው? ዓሣውን በልቻለሁ፤ ፏፏቴውን ግን አላየሁትም። በዚያ ሳምንት ደህና አድርጌ ያየሁት አንድ የቤተ መጻሕፍት ክፍል ነው። ፏፏቴ የፈለገ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

ጽጌ እባላለሁ። ዘመኑ የደርግ ማብቂያ አካባቢ ነበር፤ እኔም አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት አሥራ አራት ዓመት ካርድ ስጽፍ የኖርኩ ሠራተኛ ነበርኩ። ካርድ ማለት፣ ለማያውቀው፣ መዳፍ የምታክል ወፍራም ወረቀት ናት። የጸሐፊው ስም፣ የመጽሐፉ ርእስና ያለበት መደርደሪያ ይጻፍባትና በጠባብ መሳቢያ ውስጥ ትሰለፋለች፤ መጽሐፍ ፈላጊ መሳቢያውን ስቦ በጣቱ ይገላልጣል። እንዲህ እየኖርን ሳለ ከውጭ አገር በእርዳታ ኮምፒዩተር መጣልን፤ ከእሱም ጋር በዲስኬት የተቀዳ የመጽሐፍ መፈለጊያ ፕሮግራም። ሁለት ሳምንት ሠለጠንኩ። አሠልጣኛችን ፈረንጅ፣ አንድ ቀን የዓለም ቤተ መጻሕፍት ማሽኖች ሁሉ በስልክ ይነጋገራሉ፣ አንዱ ከተማ የተቀመጠ ሰው ሌላው ከተማ ያለውን መጽሐፍ ከወንበሩ ሳይነሣ ይፈልጋል አለን። እኛም አጨበጨብን። ያን ጊዜ ለማናቸውም ነገር ማጨብጨብ ለምዶብን ነበር።

ሁለተኛው ማሽን ባሕር ዳር ላለ አንድ ተቋም ደረሰው። የመጽሐፎቻቸውን ዝርዝር አስቀድመው ልከውልን ስለነበር ስምንት ወር ሙሉ ተቀምጬ ዲስኬት ላይ አስገባሁት። የቀረኝ ማሽኑን አድርሶ መትከል፣ ለባለሥልጣናት ማሳየት፣ ከዚያም አንድ ቅጽ ላይ መፈረም ነበር። ቅጹ «ማሽኑ ሥራውን ስለተረከበ የካርዱ ማውጫ እንዲወገድ ተስማምቻለሁ» ይላል። ካርዶቹ ለኅብረት ሱቅ ተሰጥተው ጀርባቸው ላይ ስኳርና ጨው ሊመዘገብባቸው ተወስኗል። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ዓይኔንና ጀርባዬን የበላ ነገር ስኳር ሲሸከም ባይ ምን ይከፋኛል?

ረቡዕ

በላንድሮቨር ወጣን። ሾፌሩ ጋሽ ደጉ ናቸው፤ ጎጃምን እንደ ኪሳቸው የሚያውቁ፣ በጉዞ ላይ ከሰው ይልቅ ከሞተሩ ጋር የሚያወሩ ሰው። ኮምፒዩተሩን በፍራሽ ጠቅልለን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ እኔ ከዲስኬቱ ጋር ከፊት ተቀመጥኩ። ዲስኬቱን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አቀፍኩት፤ ፀሐይ እንዳያገኘው፣ አቧራ እንዳይነካው፣ እንዳይታጠፍ ተብያለሁና። ከወለድኳቸው ልጆች አንዱም ይህን ያህል እንክብካቤ አላገኘም።

የዓባይን በረሃ ወርደን ኬላው ላይ ስንደርስ ወታደሩ የይለፍ ወረቀታችንን አየና ፍራሹን አስፈታን።

«ምንድን ነው?»

«ኮምፒዩተር ነው፤ መጽሐፍ ይፈልጋል» አልኩት።

«መጽሐፍ ጠፍቷል?»

«አልጠፋም፤ እንዲሁ ይፈልጋል።»

ብዙ አሰበና መዝገቡ ላይ «ቴሌቪዥን ከነታይፑ፣ አንድ» ብሎ ጻፈ። ስምንት ወር ስለ መጽሐፍ አመዘጋገብ ሳስብ የከረምኩ ሴት ራሴ ምን ተብዬ እንደተመዘገብኩ ለማየት አንገቴን አሰገግኩ፤ «ሌሎች» በሚለው ረድፍ ነበርኩ።

ደብረ ማርቆስ አደርን። ብርዱ እንጦጦን ያስመሰግናል። የአልጋ ቤቷ ባለቤት ሽሮ በትኩስ እንጀራ አቀረቡልን፤ ማሽኑን ሲያዩ «ይኸ የመንግሥት ዕቃ ብርድ እንዳይመታው» ብለው የራሳቸውን ጋቢ አምጥተው አለበሱት። ለእኔ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ደረሰኝ። ቅናት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያን ምሽት ማሽኑን ትንሽ ጠላሁት።

ሐሙስ

መራዊ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ጎማ ተነፈሰ። ትርፉ ጎማ ደግሞ ቀድሞ የተነፈሰ ኖሯል፤ ጋሽ ደጉ ይህን ያወቁት ገና አዲስ አበባ እያለን ነበር። ጎማውን አንከባልለው ወደ ከተማው ሲሄዱ እኔ ከማሽኑ ጋር መንገድ ዳር ቀረሁ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ከበቡኝ። አንዲቱ ብቻዬን መሆኔን አይታ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈታ ሰጠችኝ፤ ሌላዋ ጥላዋን ዘርግታ ጋሽ ደጉ እስኪመለሱ አብራኝ ቆመች። ስሟን ጠየቅኳት እንጂ እሷ የእኔን አልጠየቀችኝም፤ «እንግዳ መሆንሽ ይበቃል» አለች። አዲስ አበባ መኪና ቢበላሽብሽ መጀመሪያ የሚመጣው መካሪ ነው፤ ጥላ የያዘ ሰው አይመጣም።

ባሕር ዳር ከቀትር በኋላ ደረስን። ዘንባባው፣ ብስክሌቱ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ሞቃት ነፋስ ሰውነትን ሲፈታው ይታወቃል። አልጋ ግን የለም፤ ሆቴሎቹ ሁሉ በስብሰባ ተይዘዋል። ጋሽ ደጉ ዘመድ ቤት ሄዱ። እኔን የተቋሙ በር ላይ ሲጠብቁኝ የዋሉ አንድ ሸበቶ ሰው ተቀበሉኝ፤ የካርዱ ባለቤት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ይርጋ። ካርዳቸውን ላስወግድ የመጣሁ መሆኔን ያውቃሉ። ሻንጣዬን ተቀብለውኝ «ቤታችን ዓባይ ማዶ ነው፤ ቤት ያፈራውን ይበላሉ፤ አልጋም አይጠፋም» አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ጣና ዓሣ በቃሪያ ጠብሰው ጠበቁን። አዲስ አበባ የምንበላው ዓሣ ከበረዶ ቤት ወጥቶ ታሪኩን የረሳ ነው፤ ይኸኛው ጠዋት ሲዋኝ የነበረ ነው። ጠግቤ ሳበቃ ወይዘሮ የሺ ወደ አንዲት ንጹሕ ክፍል መሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ደብተሮች በሥርዓት ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ አለ።

«የባለ ክፍሉ ነው» አሉኝ። «ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ወሰዱት። ሁለት ዓመት አለፈው፤ ደብዳቤ ቆመ።»

«ስሙ ማነው?»

አንሶላውን አስተካከሉ፤ ትራሱን አገላበጡ፤ «ባለ ክፍሉ እንላለን እኛ» ብለው ወጡ። በኋላ እንደገባኝ እዚያ ቤት ስሙ አይጠራም ነበር። አንድ ጊዜ ከተጠራ «የለም» የሚል መልስ ይከተላል ብለው ይመስለኛል።

ዓርብ

የካርዱን ሣጥን አየሁት። የዋንዛ እንጨት ነው፤ መሳቢያዎቹ በሀ ሁ ተራ ተደርድረዋል፤ ካርዶቹ በሙሉ በአቶ ይርጋ የእጅ ጽሑፍ፣ ፊደሉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው እንደሆነ የሚናገር። እኔ በታይፕ የምጽፈው ካርድ ከዚህ አጠገብ የቀበሌ ማስታወቂያ ይመስላል። አንድ ተማሪ ገብቶ «ያ ቀዩ፣ ስለ ንብ፣ ሰውዬው መነጽር ያለው» አላቸው። አቶ ይርጋ መሳቢያ እንኳ ሳይስቡ መጽሐፉን አወጡለት።

ማሽኑን ስተክል አጠገቤ ቆመው አዩ።

«መጽሐፉን ያነበዋል?» አሉኝ።

«አያነብም፤ የጸሐፊውን ስም ሲነግሩት ያለበትን ይናገራል።»

«እኔም አብዛኞቹን አላነበብኋቸውም» አሉ፤ ይህን ሲሉ ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

በዚህ መሀል ጓድ ሰሎሞን መጡ። የተቋሙ የፖለቲካ ኃላፊ ናቸው፤ ወጣት፣ ቁምጣቸውን ሳይቀር የተኮሱ። «ነገ ከክፍለ ሀገር እንግዶች አሉን። ማሽኑን ታሳያለሽ። ማክሰኞ ቅጹን ትፈርሚያለሽ፤ ካርዱ ይነሣል። ካርድ የሌለበት የመጀመሪያው ቤተ መጻሕፍት እንሆናለን» አሉ። አቶ ይርጋ ከዚያ በኋላ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደሚዛወሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጓድ ሰሎሞን ይህን የተናገሩት አቶ ይርጋ አጠገባቸው ቆመው ሳለ ነበር፤ ስለ ሣጥኑ የሚያወሩ ይመስል።

ቅዳሜ

ወደ ማሳያው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ። የፕሮግራሙ መመሪያ ስለ ጸሐፊ ሲጠይቅ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ከዚያ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚያ የራስ ስም ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ቤተሰብ ነው ያለን። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባቱ ስም ከኋላ ይከተለዋል። እኔ ግን ሠልጥኛለሁ። መመሪያው ያለውን ልፈጽም ብዬ የሁሉንም ደራሲ አባት አስቀደምኩ፤ ዲስኬቱ ቦታ እንዲበቃው ደግሞ የራሱን ስም በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ አስቀረሁት። ለዚህ ቁጠባዬ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አመስግኖኛል።

እንግዶቹ ተቀመጡ። የፈረንጆቹን መጻሕፍት ስጠይቀው ማሽኑ ቶሎ ቶሎ መለሰ፤ ጭብጨባ ሆነ። ጓድ ሰሎሞን ተበረታቱና «እስቲ የእኔን ፈልጊልኝ» አሉ። ራሳቸው የጻፉት መጽሐፍ አለ፤ «አጉል እምነትና የምርት ዕድገት» ይባላል። ሰሎሞን ብዬ አስገባሁ። ማሽኑ አሰበ፣ አሰበና የለም አለ።

«እንደገና» አሉ።

እንደገና የለም አለ። ከእንግዶቹ መካከል ጎምቱው «በርእሱ ብትሞክሪስ?» አሉ። በርእሱ ሞከርኩ። መጽሐፉ ወዲያው ተገኘ፤ የማሽኑ መስኮት ላይ ደራሲው ገብረ ኢየሱስ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ሰ. ተብሎ ወጣ።

ጓድ ሰሎሞን በተቋሙ ውስጥ ሰሎሞን ብቻ ነበሩ። አባታቸው በአንድ የሐይቅ ዳር ደብር የሚቀድሱ ቄስ መሆናቸውን አውቆ የማያወራ ሰው አልነበረም፤ ግን ማንም ጮኾ አያነሣውም። አሁን ማሽኑ አጉል እምነትን የሚያወግዘውን መጽሐፍ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ጻፉት ብሎ በመብራት አበራው።

ጎምቱው እንግዳ «አባትዎ ታጋይ ናቸው ለካ!» አሉና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አቶ ይርጋ በጸጥታ የ«ሰ»ን መሳቢያ ስበው የጓድ ሰሎሞንን ካርድ አወጡና ለእንግዳው አሳዩ። በሁለት እጃቸው ይዘው ነው ያቀረቡት፤ ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር ባገኝበት ብዬ ሳይ አጣሁ።

ከስብሰባው በኋላ ጓድ ሰሎሞን ጥግ ላይ ያዙኝ። «እስከ ማክሰኞ ስሙ ሁሉ ይስተካከል። የእኔ በተለይ።» ስልክ ቤት ሄጄ ወደ አዲስ አበባ ለመደወል ግማሽ ቀን ተሰለፍኩ። ኃላፊዬ ሲገኝ «መመሪያው ምን ይላል?» አለኝ፤ የሚለውን ነገርኩት፤ «እንግዲያው ልክ ነሽ» ብሎ መስመሩ ተቋረጠ። አሠልጣኛችን በስልክ ይነጋገራሉ ያለን ማሽኖች ትዝ አሉኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

እሑድ

የሥራ ቀን አይደለምና አቶ ይርጋ «መጻሕፍት የሚፈለጉበትን ሌላ ቦታ ላሳይዎ» ብለው በታንኳ ወደ አንዲት ደሴት ወሰዱኝ። የደንገል ታንኳ ውኃ ያሳልፋል፤ ይህን ያወቅኩት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ቀዛፊው «አይዞሽ፤ እሷ እየጠጣች ነው የምትሄድ» አለኝ። አንድ ጫማዬ ወደ ጎንደር አቅጣጫ ተንሳፈፈ።

ደሴቲቱ ሴት አይገባባትም። ለመጽሐፍ ባለሙያነት የተላክሁት እኔ ወደብ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ አቶ ይርጋ ወጥተው የገዳሙን ዕቃ ቤት ኃላፊ አባ ወልደ ሰንበትን ይዘው ወረዱ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጆሯቸው ሹል። ዳቦ ይዘውልኝ ወረዱ፤ የረጠበ ቀሚሴን አይተው ዓይናቸውን ወደ ውኃው አዞሩ።

«መጽሐፍ ፈላጊ ነሽ አሉ» አሉኝ። «ምን ይፈለጋል?»

ልፈትናቸው ብዬ «ስለዚህ ሐይቅ የሚናገር ካለ» አልኩ።

«ለማንበብ ነው ለመቁጠር?»

«ልዩነት አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ። ሊቆጥር የመጣ ሁሉ በኋላ ወስዷል፤ መሬቱንም እንዲሁ ቆጥረው ነው የወሰዱብን። ሊያነብ የመጣ ግን አንብቦ ይመለሳል።»

ለማንበብ ነው አልኩ። ማሽኔ ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቆ አያውቅም። አባ ወልደ ሰንበት ያን ዳገት ተመልሰው ወጡ። እኔ ታች ሆኜ፣ መደርደሪያውን ሳላይ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ መጽሐፍ ይፈለግልኝ ጀመር። ፈረንጁ ያለው ይህንን ነው አልኩ ለራሴ፤ ስልኩ ብቻ ነው የቀረው። መጽሐፉን በቆዳ ማኅደሩ በትከሻቸው አንግተው መጡ፤ ሳያስነኩኝ በጭናቸው ላይ ገለጡት። ሐይቁን ስለተሻገረ አንድ ቅዱስ ይናገራል። መጨረሻው ቅጠል ላይ ስሞች ነበሩ።

«ከነዚህ ደራሲው የትኛው ነው?» አልኳቸው።

«የጻፈ አለ፤ ያጻፈ አለ። ያነበበ አለ፤ ሲነበብ የሰማ አለ። አራቱንም እናስባለን። ያንቺ ማሽን የትኛውን ነው የሚጠይቅ?»

አንዱን ብቻ እንደሚጠይቅ፣ እሱንም በአባቱ ስም እንደሚፈልገው ነገርኳቸው። እጅግ ተገረሙ።

«በአባቱ? ኧረ ልጄ! በዕለተ ምጽአት እንኳ ሰው በየስሙ ነው የሚጠራ፤ አባቱን ጠርተው ልጁን አያስነሡ!»

አቶ ይርጋ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ነበር። ምክንያቱን አላወቅኩም። እኔ ያሳሰበኝ በአንድ ጫማ ዓባይ ማዶ ድረስ እንዴት እንደምሄድ ነው፤ አባ ግን ይህንንም አስበው የገዳሙን የጎማ ጫማ ይዘውልኝ ወርደዋል። «ስትመለሺ ትልኪዋለሽ» አሉ። እስከ ዛሬ አልላክሁትም፤ እንደ መንግሥት ነው የሆንኩት።

ሰኞ

ሥራ ጀመርን። አቶ ይርጋ ካርድ እያወጡ ስሙን ሙሉ ያነባሉ፣ እኔ ማሽኑ ላይ አባትና ልጅን አቀያይራለሁ። ከሀ ጀምረን ሄድን። የላኩልን ዝርዝር አዲስ አበባ ስለቀረ፣ ሙሉ ስሙ በእጃችን ከካርዱ በቀር የትም አልነበረም፤ እኔ ለቦታ ቁጠባ ብዬ ወደ አንድ ፊደል አሳጥሬዋለሁና። አንድ ሰውዬ አራት መጽሐፍ ጽፎ «ከ.» ብቻ ሆኗል። ዲስኬቱ ደግሞ ለሙሉው ስም የሚበቃ ቦታ ተርፎት ኖሯል። ወይዘሮ የሺ ምሳ በሰሐን ይዘውልን መጡ፤ ምስር ነበረ፤ አዲስ አበባ ቢሮ ድረስ ምሳ የሚያመጣልኝ ሰው ኖሮኝ አያውቅም። ጓድ ሰሎሞንም ሁለት ጊዜ ብቅ ብለው «ሰ ላይ ደረሳችሁ?» አሉ።

የሚገርመው፣ ሥራው በሚያምርበት መጠን ካርዱ ከጥቅም ይወጣ ነበር። አቶ ይርጋ የሚያነቡልኝ እያንዳንዱ ስም ራሳቸውን ወደ ግምጃ ቤት ያስጠጋቸዋል። ይህን ያውቃሉ፤ አንዴም ግን ድምፃቸውን አላፋጠኑም፣ አላጓተቱም። በእሳቸው ቦታ ብሆን ኖሮ እኔ ገና ሀ ላይ እያለሁ ያመኝ ነበር።

ማክሰኞ

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የመጨረሻው መሳቢያ አለቀ። የኅብረት ሱቁ ጋሪ ውጭ ቆሟል። ጓድ ሰሎሞን ቅጹንና ማኅተሙን ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የእሳቸው ስም ተስተካክሏል፤ ደስ ብሏቸዋል። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ማሽኑ አሁን እውነትም ይሠራል።

ለማረጋገጥ ያልተስተካከለ ካለ ብዬ ማሽኑን ጠየቅኩት። አንድ አለ። የደንገል ታንኳ አሠራር በጣና ዳርቻ፣ በታይፕ የተጻፈ የተማሪ ጥናት፣ አንድ ቅጂ ብቻ። ደራሲ፦ ይርጋ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ም.

ቀልድ ይቀናኛል፤ ይህ በሽታዬ ነው። «ውይ አቶ ይርጋ! እርስዎም ደራሲ ኖረዋል? ደብቀውን!» አልኩ ሳቅ እያልኩ።

መጡና ከትከሻዬ በላይ አዩ። 

«እኔ አልጻፍሁትም» አሉ።

«ታዲያ ይርጋ የሚለው…»

«እኔ አልጻፍሁትም። እሱ ነው የጻፈው።»

ከደረት ኪሳቸው አንዲት ካርድ አወጡ። ሰኞ ዕለት የ«መ»ን መሳቢያ ስናነብ አልፈዋት ኖሯል፤ ጮኸው ሊያነቧት አልቻሉም። በዚያ በሚያምር እጃቸው፣ ከሁሉ አስተካክለው፣ «ምስጋናው ይርጋ» ተብሎ ተጽፎባታል። ያን የባለ ክፍሉን ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ያን ጊዜ አየሁት። አምስት ሌሊት በአልጋው ላይ ተኝቼ ነበር። በዲስኬቱ ላይ ግን ልጁን አንዲት ፊደል አድርጌ ከነጠላ ሰረዝ ኋላ አስቀረሁት፤ በቦታውም አባቱን አስቀመጥኩ። አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ይቅርታ አያስፈልግም» አሉ። «ይህችን አንዲት ካርድ ብቻ ይተዉልኝ። ሌላው ይሂድ።»

ወንበሬን ለቅቄላቸው ተነሣሁ። «እርስዎ ያስገቡት» አልኩ። ፊደሉን አንድ በአንድ አሳየኋቸው፤ በአንድ ጣት፣ ካርዷን አጠገባቸው አድርገው እያዩ፣ የልጃቸውን ስም አስቀድመው የራሳቸውን ከኋላ አስገቡ። ከዚያ በስሙ ፈለጉት። ማሽኑ አሰበና ጥናቱን ከነመደርደሪያው አወጣላቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ማንም ሰው መጥቶ ቢጠይቀው እንዲሁ ያሳየዋል?»

«ማንም ሰው።»

«እሱ ራሱ መጥቶ ቢጠይቀውሳ?»

«እሱም ቢሆን።»

ማሽኑን በእርጋታ መረመሩት፤ ከኋላው የወጣውን ሽቦ እስከ ግድግዳው ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት።

«መብራት በጠፋ ቀን ቢመጣስ?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ሁለት ሳምንት ስሠለጥን ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዳችንም መብራት በጠፋ ቀን የሚመጣ ሰው እየጠበቅን አልነበረም።

ቅጹን ከጓድ ሰሎሞን ተቀበልኩ። «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሰረዝኩና «አልተስማማሁም፤ ካርዱ በሙሉ ከነጠባቂው በቦታው ይቆይ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ዘመን አልተስማማሁም የሚል ቃል በጽሑፍ ማስቀመጥ ቀላል አልነበረም። ምክንያት ከሚለው ፊት ለፊት «አንባቢው መብራት በሌለበት ቀን ሊመጣ ስለሚችል» አልኩና ፈረምኩ።

ጓድ ሰሎሞን አነበቡት። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«የትኛው አንባቢ?» አሉኝ።

አቶ ይርጋ መሬት መሬት ያዩ ነበር። እኔ ቆምኩና የራሱን አስቀድሜ፣ የአባቱን አስከትዬ፣ ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሁሉ እስኪሰማ «ምስጋናው ይርጋ» አልኩ።

ጓድ ሰሎሞን ካርዷን አዩ፤ አቶ ይርጋን አዩ፤ ውጭ የቆመውን ጋሪ አዩ። ከዚያ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ አሉበትና ከፊርማዬ አጠገብ መቱት።